ጎንደር ውስጥ ምን ይቀድማል? የሰላምታ፣ የማዕድ፣ የለቅሶና የሥራ ሥርዓት

ጎንደር ለሥራ የተመደበ ሰው፣ ሱቅ ሊከፍት የመጣ ነጋዴ፣ ወይም እዚሁ አድጎ ገና ቢሮ መግባት የጀመረ ወጣት ከሰው ጋር የሚቀያየምበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የተናገረው ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ ያለ ቦታው ተናግሮታል። ጉዳዩን ከሰላምታው አስቀደመ፤ ትልቅ ሰው ቆሞ እሱ ተቀመጠ፤ ውል ሳይጻፍ ብር ቆጥሮ ሰጠ። ስለዚህ ከዚህ በታች ደጋግመን የምንመለስበት ጥያቄ «ምን ይቀድማል?» የሚለው ነው። ይህን ያወቀ ሰው ዝርዝሩን ቢስት እንኳ ይቅርታ አይነፈገውም።

ሰላምታ

ሰላምታ ከሰዓቱ ጋር ይሄዳል። ጠዋት «እንዴት አደሩ»፣ ከቀትር በኋላ «እንዴት ዋሉ»፣ ሲመሽ «እንዴት አመሹ» ነው። ለጥቂት ቀናት ያላያችሁትን «እንዴት ሰነበቱ»፣ ወራት ላለፉት «እንዴት ከረሙ» ትላላችሁ። «ሰላም ነው?» ለእኩያ ይበቃል፤ ለትልቅ ሰው ግን የጥድፊያ ይመስላል። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ከሙስሊም ወገን «አልሐምዱሊላህ» ሲሆን፣ ወዲያው «እርስዎስ?» ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ከዚያ ሥራ። ከገጠር የመጣ ሰው ከሆነ ዝናቡና አዝመራው ይጠየቃል። ቢሮ ውስጥ ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ያችን ደቂቃ የዘለለ ሰው ግን ቀሪውን ግማሽ ሰዓት በቀዘቀዘ ፊት ያሳልፋል፤ ፋይሉ «ነገ ይምጡ» ቢባልበት ሊገርመው አይገባም።

እየሄዱ ወይም ስልክ እያዩ ሰላም ማለት ካለማለት ይከፋል። ቆም በሉ። ቀኝ እጃችሁን ስጡ፤ ለትልቅ ሰው በግራ እጃችሁ የቀኝ ክንዳችሁን ደገፍ አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። የተቀመጠ ይነሳል፣ ኮፍያ ያደረገ ያወልቃል። እጁ የረጠበ ወይም ምግብ የነካው ሰው አንጓውን ያቀርብላችኋል፤ እናንተም አንጓውን ያዙ። ሙስሊም ሴት ስታገኙ እጅ ለመዘርጋት አትቅደሙ። ከዘረጋች ጨብጡ፤ ካልዘረጋች እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ሙሉ ሰላምታ ነው። ሴቶችም ለሃይማኖተኛ ሙስሊም ወንድ እንዲሁ ያድርጉ።

ካህን ሲገጥማችሁ እጅ አይጨበጥም፤ መስቀል ይሳለማል። መስቀሉ ግንባራችሁን ይነካል፣ ከዚያ ትስሙታላችሁ። መስቀል በእጃቸው ከሌለ «ይፍቱኝ አባ» ብላችሁ ጎንበስ ስትሉ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሏችኋል። የሌላ እምነት ተከታይ ከሆናችሁ ጎንበስ ማለቱ ይበቃል።

ብዙ ሰው ወዳለበት ክፍል ስትገቡ ሁለት መንገድ አለ። እስከ አሥር ሰው ድረስ ከትልቁ ጀምሮ ሁሉንም መጨበጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከበሩ ላይ አንድ ጊዜ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ መቀመጥ። የሚያስቀይመው ሦስተኛው ነው፤ የሚያውቁትን ሁለት ሰው ብቻ ጨብጦ ሌላውን ማለፍ።

ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጡት «ኖር!» ብለው ይነሳሉ፤ የገባው ሰው «በእግዚአብሔር» እያለ እንዲቀመጡ በእጁ ያመለክታል። ይህ ሥርዓት በወጣቱ ዘንድ እየሳሳ ነው፤ መሳሳቱ ያሳዝናል። «ኖር» ማለቱ የከበዳችሁ ከሆነ ቢያንስ ከወንበራችሁ ብድግ በሉ፤ ቦታ ከጠበበም የያዛችሁትን ልቀቁ።

አንተ፣ እርስዎ፣ አንቱ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ «አንቱ» ገና ሕያው ነው። ለካህናት፣ ለአዛውንት፣ በተለይ ከገጠር ለመጡ ትልልቅ ሰዎች ሲባል ትሰማላችሁ። በቢሮና በንግድ ግን «እርስዎ» የትም ያስኬዳል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የማታውቁትን አዋቂ ሁሉ በ«እርስዎ» ጀምሩ። ወደ «አንተ» መውረድ የሚፈቅደው በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጠው ሰው ነው፤ «ኧረ አንተ በለኝ» ሲላችሁም በአንድ ጊዜ አትውረዱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገመው። በአንድ ንግግር ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ ሲናደዱ ወደ «አንተ» መቀየር ስድብ ነው፤ ያን ቀን የተቀየረ አጠራር ለብዙ ጊዜ ይታወሳል።

ዕድሜና ማዕረግ ሲጋጩስ? የ28 ዓመት ኃላፊና የ60 ዓመት የጥበቃ ሠራተኛ ሁለቱም እርስ በርስ «እርስዎ» ይባባላሉ። ኃላፊው ጥበቃውን «አንተ» ካለ፣ ሠራተኛው ሁሉ በዚያች ቃል ይመዝነዋል። ለአስተናጋጅ፣ ለባጃጅ ሹፌርና ለጫማ አሳማሪ «ወንድም»፣ «እኅት» በሉ፤ ማጨብጨብና ማፏጨት ይቅር።

ስም ስትጠሩ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር እንጂ ከአባቱ ስም ጋር አይሄዱም። ከውጭ ድርጅት ጋር የምትጻጻፉ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ብታስረዱ፣ እንግዳው እናንተን በአባታችሁ ስም ከመጥራት ይድናል። ሴቲቱ ወይዘሮ ትሁን ወይዘሪት ካላወቃችሁ በሥራ መደቧ ጥሩ፤ ባለትዳር መሆን አለመሆኗን መጠየቅ የማንም ሥራ አይደለም። ከቢሮ ውጭ ታላቅ ወንድ «ጋሼ»፣ ታላቅ ሴት «እትዬ»፤ በገጠሩ በኩል «አያ» እና «እታለም» ይሰማሉ። የአብነት መምህር «የኔታ» ናቸው፤ የመሪጌታ ማዕረግ ያላቸው «መሪጌታ»፣ የሙስሊም አባቶች «ሼህ» ወይም «ሐጂ»። «ፋዘር» እና «ማዘር» ለማያውቁት ትልቅ ሰው አይሆኑም፤ «አባቴ» እና «እናቴ» እያሉ ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግም።

ሰው ቤት ስትሄዱ

ከበሩ ውጭ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ፤ «ግቡ» ሳትባሉ አጥሩን አትለፉ። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳር፣ ቡና፣ ፍራፍሬ ወይም ዳቦ ይበቃል። መጠጥ ይዛችሁ የምትሄዱት ቤተሰቡ እንደሚጠጣ ስታውቁ ብቻ ነው፤ ሙስሊም ቤት ጭራሽ አይወሰድም። ያመጣችሁትን ለእመቤቲቱ ወይም ለልጆቹ በእርጋታ ስጡ። ፊታችሁ ባይከፍቱት አይግረማችሁ፤ ስጦታን ሰጪው ፊት መፍታት እንደ መስገብገብ ይቆጠራል። ለመቀመጫ «እዚህ ሁኑ» እስክትባሉ ቁሙ። ከትልቅ ሰው ፊት እግር አነባብሮ መቀመጥና በሁለት በሚነጋገሩ ሰዎች መካከል ማለፍ ዛሬም ያስነቅፋል። ማለፍ ግድ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ «ይቅርታ» እያላችሁ እለፉ።

ማዕድና ቡና

እጅ ማስታጠብ ከትልቁ ይጀምራል። የሚያስታጥበው ልጅ ፊታችሁ ሲቆም ወደ ጎን የተቀመጡትን አዛውንት አሳዩት። ማዕዱ እስኪባረክና ትልቁ ሰው እስኪቆርስ እጃችሁን ሰብስቡ። የሚበላው በቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊት ካለው ነው፤ ከሰው ፊት ማንሳትና ጣት መላስ አይፈቀድም። ዶሮ ወጥ ከሆነ ሥጋውን የምታወጣው እመቤቲቱ ናት። ዶሮዋ በ12 ብልት ተከፍላ ለማን ምን እንደሚደርስ አስባበታለች፤ ራሳችሁ ፍለጋ ከገባችሁ ያሰበችው ይበላሻል።

ጉርሻ ትልቅ ሰው ከሰጣችሁ እምቢ አይባልም። አንድ ብቻ ስለማይሆን ሁለተኛውን ጠብቁ። በሥራ ምሳ ላይ ግን ለማታውቁት ሰው፣ በተለይ ለተቃራኒ ፆታ፣ ጉርሻ አትጀምሩ። ስትጠግቡ «በቃኝ» ማለት አንድ ጊዜ አይሰማም። «በሞቴ» እየተባላችሁ ሁለት ጊዜ ጥቂት ጨምሩ፤ በሦስተኛው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብትሉ ይበቃል። ለዚህ ብላችሁ መጀመሪያውኑ ቀስ ብላችሁ ብሉ። እናንተ ቀድማችሁ ብትጠግቡም ትልቁ ሰው እጁን እስኪያነሳ ከማዕዱ አትነሱ።

ሰው ስትጋብዙ የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን አይጾምም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። አንዳንዱ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ በጾም ቀን የምሳ ስብሰባ መጥራት እንግዳውን እንዲያፍር ወይም እንዲዋሽ ያስገድደዋል። በረመዳን ሙስሊም የሥራ ባልደረባችሁን ጠዋት አግኙት፤ ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 7፡30 ባለው ጊዜ ለጁምዓ ስለሚሄድ ቀጠሮ አትያዙ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። የተደባለቀ እንግዳ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል፤ ዕቃውም ይለያል። ይህ ካልተቻለ ለሁሉም የጾም ምግብ ማቅረብ ይሻላል። «አትክልት አለላችሁ» ብሎ በሥጋ ጭልፋ ማውጣት ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ከሦስቱ በፊት መነሳት የማይቀር ከሆነ፣ ቡናው ሳይቆላ በፊት ተናገሩ፤ አቦልን ጠጥቶ ሰዓት ማየት ቡና የምታፈላዋን ያሳፍራታል። የተቆላውን ይዛ ስትዞር ጭሱን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጋችሁ መዓዛውን አመስግኑ። የመጀመሪያው ሲኒ ለትልቁ ሰው ነው። ቡና ላይ የተሰማ የጎረቤት ጉዳይ ወደ ቢሮ አይወሰድም።

ለቅሶ

የጎንደር ሰው ብዙ ነገር ይተዋል፤ ለቅሶ ያልደረሰውን ግን አይረሳም። የሥራ ግንኙነትም ከዚህ ውጭ አይደለም። አንድ ነጋዴ ደንበኛው ወላጅ ሞቶበት ሳይደርስ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ወር የዋጋ ቅናሽ ቢያቀርብም የሚሰማው አያገኝም። ለዚህ ሲባል የተያዘ ቀጠሮ መሰረዝ ነውር የለውም። «ለቅሶ ገጥሞኝ ነው» ያለ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አይጠየቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቀብር ላይ መገኘት ነው። ያልቻለ እስከ ሣልስት ባለው ጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያም ያመለጠው አርባው ሳይደርስ ይሂድ። ስልክ ሌላ ከተማ ላለ ሰው ነው። እዚሁ ፒያሳና አዘዞ ተቀምጦ በቴሌግራም «ነፍስ ይማር» ብሎ መላክ እንደ መድረስ አይቆጠርም።

ልብሳችሁ ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ይሁን። ነጠላ የለበሰች ሴት ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ትለብሳለች። ነጠላ እዚህ አገር ይናገራል፦ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለሐዘን ይዘቀዘቃል፣ በክብር ሰው ፊት ለማገልገል ወገብ ላይ ይደገደጋል። የበዓሉን አለባበስ ለቅሶ ቤት ይዞ መግባት ከቃል የከፋ ስህተት ነው።

ስልክ አጥፍታችሁ ግቡ። ዞራችሁ አትጨብጡ፤ ክፍት ቦታ ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ለሐዘንተኛው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉ፤ ለሙስሊም ቤተሰብ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ነው። ሟቹ በምን እንደሞተ ሐዘንተኛውን አትጠይቁ፤ ማወቅ ካስፈለገ ድንኳኑ ውጭ ጎረቤት አለ። ንፍሮ ወይም ቆሎ ሲቀርብ ጥቂት ዝገኑ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ ሲነሳ ሌሎችም ይነሳሉ፤ አብራችሁ ተነሱ። ስትወጡም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንጂ «ቻው» አይባልም። የመሥሪያ ቤት መዋጮ ከሆነ አንድ ትልቅ ሰው ለቤተሰቡ ተወካይ በፖስታ ይሰጣል፤ በሐዘንተኛው እጅ ሰው እያየ ብር አይጨበጥም። የሙስሊም ቀብር ብዙ ጊዜ በዕለቱ ስለሚፈጸም የሰሙ ዕለት መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ክርስቲያን ወዳጅ እስከ መቃብሩ ይሸኛል፤ ሶላቱ ሲሰገድ ወደ ጎን ይቆማል።

መርዶ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሠራተኛችሁ እናት ማረፋቸውን በሥራ ሰዓት ብትሰሙ ለእሱ አትንገሩት። በስልክ የተነገረ መርዶ ሰውየውን መንገድ ላይ ብቻውን ይጥለዋል። ወደ ዘመዶቹ ደውሉ፤ መቼና ማን እንደሚነግረው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ልማዱ ንጋት ላይ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ እቤቱ ሄዶ መንገር ነው። የእናንተ ድርሻ ፌስቡክ ላይ ቀድሞ እንዳያየው የሥራ ባልደረቦቹን ዝም ማሰኘት፣ ከዚያም የሚሸኘው ሰው ማዘጋጀት ነው። ወደ ሥራ ሲመለስ «መጽናናቱን ይስጥህ» በሉት፤ የተጠራቀመውን ሥራ ለማግስቱ አቆዩለት።

የደስታ ቤት

እዚህ ብዙ የሚያሳስት የለም። የሠርግ ካርድ በእጅ ይሰጣል፤ በጓደኛ እጅ የተላከ ካርድ «ብትቀርም አይከፋን» ያለ ያህል ነው። አብዛኛው የክርስቲያን ሠርግ የሚደገሰው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ፣ በጥር ወር ለስጦታ የሚሆን ብር ቀደም ብላችሁ መድቡ። ድግሱ ላይ የሚያስቀምጣችሁ አጋፋሪ አለ። አጋፋሪ በነገሥታቱ ግቢ እንግዳ የሚያስገባ ባለሥልጣን ነበር፤ ቃሉ ዛሬም የሠርግ አስተናጋጅ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። አጋፋሪው ካሳያችሁ ወንበር ወደ ፊት አትሽቀዳደሙ፤ የፊቱ ለቤተ ዘመድና ለካህናት ነው።

አራስ ስትጠይቁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሉ፤ ሙስሊም ከሆነች «አላህ ያሳድገው»። ሕፃኑን «እንዴት ያምራል!» ብሎ ብቻ ማድነቅ እናቲቱን ያሰጋታል። «ይደግ፣ ማርያም ታሳድገው» ወይም «ማሻአላህ» ይከተለው።

ቀጠሮ፣ ስብሰባ፣ ደብዳቤ

ቀጠሮ ስትይዙ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በቃል ድገሙ፦ «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ፒያሳ»። ከውጭ አገር ሰው ጋር ከሆነ «ከጠዋቱ 3፡00፣ በእነሱ አቆጣጠር 9፡00» ተብሎ ይጻፍ፤ ቀኑም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይሁን። አምስት ደቂቃ መዘግየት ያጋጥማል፤ አሥር ካለፈ ግን መንገድ ላይ ሳላችሁ ደውሉ። «ደረስኩ» እያሉ ከቤት አለመውጣት «የሐበሻ ቀጠሮ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር መሆን የለበትም፤ የሰውን ጊዜ መውሰድ ነው።

ጥር 10፣ 11 እና 12 በከተማው መሐል ቀጠሮ አትያዙ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበትና የሚመለሱበት ጊዜ ስለሆነ መንገዱ ለመኪና አይሆንም፤ ሆቴሉም ሞልቷል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ብዙ ነው፤ እንግዳ ካላችሁ ከወራት በፊት አልጋ ያዙለት። ታቦት ሲያልፍ ቆማችሁ ጠብቁ እንጂ መንገዱን አታቋርጡ፤ ካህናቱን ፎቶ ለማንሳትም ፈቃድ ጠይቁ። ከገጠር አቅራቢዎች ጋር የምትሠሩ ደግሞ ወሩን በቀኑ እወቁ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር ገበሬው ሥራ አይነካም። ያን ቀን እህል ጫንልኝ ማለት የሃይማኖቱን ክብር አለመጠበቅ ነው፤ እህሉም አይጫንም።

ስብሰባ ላይ ትልቁ ሰው ይከፍታል፤ እንደ ቦታው በምርቃት ሊጀመር ይችላል። ምርቃቱ ሲሰጥ «አሜን» በሉ። ትልቅ ሰው ቁጥር ቢሳሳት በስብሰባው መሐል አታርሙት፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቀስ ብላችሁ አሳዩት፣ ወይም «ምናልባት እኔ የያዝኩት የቀድሞውን ይሆናል» ብላችሁ አቅርቡት። ስህተቱ የውል ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ግን ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ ከመፈረሙ በፊት ዕረፍት ጠይቁና ለብቻ ንገሩት።

የሥራ ደብዳቤ ቅርጹ ይታወቃል። ቀንና ቁጥር በቀኝ ከላይ፤ «ለ» ብሎ ተቀባዩና ከተማው፤ «ጉዳዩ» ብሎ አንድ መስመር፤ ከዚያ ሐተታው፤ «ከሰላምታ ጋር»፤ ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፤ በግራ ከታች ግልባጭ። ግለሰብ ለመሥሪያ ቤት ሲያመለክት «ከአክብሮት ጋር» ብሎ ይዘጋል። ግልባጭ ለበላይ አለቃ ማድረግ ክስ ማቅረብ ስለሚመስል፣ መጀመሪያ ያለ ግልባጭ ጻፉ።

ስልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላና እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ አይደወልም። በጽሑፍ መልእክት ግን ሰላምታውና ጉዳዩ አንድ ላይ ይሁኑ። «ሰላም ነው?» ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ፊት ለፊት የሚያምረውን ነገር ስልክ ላይ ወደ መከራ ይለውጠዋል።

«እናያለን» ሲሏችሁ

ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ሰውን ማሳፈር ስለሚመስል እምቢታ በሌላ ቃል ይመጣል፦ «እናያለን»፣ «እስቲ እንነጋገርበት»፣ «እግዚአብሔር ካለ»። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ እውነተኛ ተስፋ ነው፤ ሌላው ጨዋ እምቢታ። መለያው ቀን ነው። «እንግዲያው ሐሙስ በ4 ሰዓት ልደውል?» በሉ። «ደውል» ካላችሁ ጉዳዩ አለ። «እኔ እደውላለሁ» ብሎ ቀን ካልሰጠ አልፈለገም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሳችሁ ተዉት። ሦስተኛ ጊዜ መሄድ ሰውየውን ወደ ውሸት መግፋት ነው። እናንተም እምቢ ስትሉ ሰው ፊት አታድርጉት፤ ለብቻ፣ ከምስጋና በኋላ፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ምክንያት ሲበዛ ለክርክር በር ይከፍታል።

ቡና ቤት ወይም ምሳ «ልጋብዝህ» ያለ ሰው ይከፍላል። ሂሳብ ሲመጣ የሚደረገው ግብግብ ከረዘመ አስተናጋጇን ያስጨንቃታል። የጋበዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ እጅ ለመታጠብ እንደሚነሳ ሰው ተነስታችሁ ካሸር ጋር ጨርሱ። ተጋባዥ ከሆናችሁ አንድ ጊዜ «እኔ ልክፈል» በሉና ተዉት፤ በሚቀጥለው ተራው የእናንተ ነው።

ገበያ፣ ብድር፣ ውል

ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ ከ«ስንት ነው?» በፊት «ገበያ እንዴት ነው?» ይቅደም። መከራከር የተፈቀደ ነው፤ ዕቃውን ማጣጣል ግን አይደለም። የመግዛት ሐሳብ ከሌላችሁ ዋጋ አትስጡ፤ ያቀረባችሁትን ዋጋ ሻጯ «ውሰድ» ካለች ጥሎ መሄድ እንደ ማታለል ይቆጠራል። ምርቃት መጠየቅ ይቻላል፤ ከተሰፈረ በኋላ፣ በፈገግታ፣ አንድ ጊዜ። ሳትገዙ ስትለፉም «ይቅናሽ» በሉ።

ገንዘብ ላይ ይሉኝታ ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ጽሑፍ ከሌለ የሚቀረው ተበዳሪው ራሱ መበደሩን ማመኑ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ የሚደረግ መሐላ ነው። በጽሑፍ የሚደረግ ውልም ሁለት ምስክር ይፈልጋል። እና ለወዳጅ «ፈርምልኝ» እንዴት ይባላል? ብሩ ከመቆጠሩ በፊት፣ ወደ ራስ አዙሮ፦ «ሰው ሟች ነው፤ ለልጆቻችን ማስታወሻ ትሁን።» ይህን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይቀየምበትም። መጠኑ በአኃዝና በፊደል፣ የሚመለስበት ቀን፣ የሁለቱ ወገኖችና የምስክሮች ስምና ፊርማ ይኑር፤ ቅጂው ሁለት ይሁን። ብሩ ከተቆጠረ በኋላ ውል መጠየቅ ግን እንደ ጥርጣሬ ይታያል፤ ቅሬታውም ከዚያ ይጀምራል።

ስታስመልሱም ደረጃ አለው። ቀኑ ከመድረሱ ጥቂት ቀናት በፊት ደውላችሁ ደኅንነቱን ጠይቁ፤ ያ ብቻ ብዙውን ያስታውሳል። ቀኑ ካለፈ ለብቻ አግኝታችሁ ንገሩት። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በልጆቹ ፊት አይጠየቅም። ከዚያም ካልሆነ የጋራ ወዳጅ ላኩ፤ በመጨረሻ ሽማግሌ። ሽማግሌ ሳይላክ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ቢረታም በአካባቢው አንደበት ይሸነፋል።

ሽማግሌዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ በሁለቱም ወገን የሚከበሩ ይሁኑ። ወደ እናንተ ከተላኩ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ፤ ተነስታችሁ «ኖር» በሉና እንደምትሰሙ ቃል ስጡ። ሌላው ሲናገር አታቋርጡ፤ ተራችሁ ሲደርስ ለሽማግሌዎቹ እንጂ ለባላጋራችሁ አትናገሩ። ድካማቸውን በብር መክፈል አይሆንም፤ ቡናና ማዕድ ይቀርባል፣ ይመርቃሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከተባባላችሁ በኋላ ነገሩ ቡና ላይም ሆነ ቢሮ አይነሳም። በማግስቱ ጠዋት ቀድማችሁ ደውሉና «እንዴት አደሩ» በሉት።